ሰባት ቤት በመንኮራኩሩ ውስጥ

ታሪኩን የጀመርኩት በአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ምክንያት ነው። ከሚሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በዚያ ቀን ስለ ብርሃን ፍጥነት እያስረዳሁ፣ በጣም ቅርብ የሚባለው ኮከብ እንኳ ዛሬ ባሉት መንኮራኩሮች ቢኬድ የብዙ ትውልድ መንገድ እንደሆነ፣ እዚያ የሚደርሱትም የተነሱት ሰዎች ሳይሆኑ የልጅ ልጆቻቸው እንደሚሆኑ ነገርኳቸው። ወንዶቹ ስለ ነዳጅና ስለ አየር ጠየቁ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ እንደ እኔ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ያን ሁሉ ዘመን መንኮራኩሩን የሚያጸዳው ማነው?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። የሚያጸዳ ሰው ካለ የሚያጸዳ ሆኖ የተወለደ ሰው አለ ማለት ነው። እናቱም እንደዚያው ነበረች ማለት ነው።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ሰማያዊ ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀመርኩ። መንኮራኩሬ ሁለት ወለል አለው። ላይኛው መስኮት አለው፤ ታችኛው የለውም። የታችኞቹ ቅድመ አያቶች ወደ መንኮራኩሩ የገቡት በፈቃዳቸው አልነበረም፤ አሁን ግን ይህን የሚያነሳ የለም። የታችኞቹ ቆዳ የጠቆረው ከሞተሩ አጠገብ ስለሚኖሩ ነው እየተባለ በትምህርት ቤት ይማሩታል። መዝገብም አለ። ታች የሚወለድ ልጅ የሚመዘገበው እናቱ በምታገለግልበት ቤት አባወራ ስም ነው። የእናቱ ስም አይጻፍም። ሴት ብትሆን፣ እሷም በተራዋ ስትወልድ ስሟ አይጻፍም።

በሁለቱ ወለሎች መካከል በር አለ፤ በሩ ላይ ጠባቂ ይቆማል። ማለፍ የፈለገ ሰው አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የታሪኩ ልጅ ከዋክብትን በሒሳብ ብቻ የምታውቅ፣ አንድ ቀን በመስኮቱ ልታያቸው የምትመኝ ናት። በሩ ላይ ቆማ ትቆጥራለች። የምትቆጥረው የጌቶቿን አባቶች ነው፤ ሌላ አባት አልተነገራትም። ጠባቂው ይጮኽባታል። እዚያ ላይ ደርሼ ቆምኩ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ያወጣሁት ከራሴ ነው፤ ማንም አልነገረኝም። አስቀድሜ ይህን የምለው ምክንያት ስላለኝ ነው።

አባቴ ዕድሜውን በመዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የተጻፈ ነገር ካየ ሳያነብ አያልፍም፤ ቅመም የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ዘርግቶ ያነባል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ደብተሬን ሲያነብ አገኘሁት። እፍረት ወረረኝ። የተማርኩትን ትቼ ተረት በመጻፌ የሚስቅብኝ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ ቀና አለ።

«ማን ነገረሽ?»

ምኑን እንደሚጠይቀኝ አልገባኝም።

«ኤኙቱ ሲቲ ሂሜ?» አለ፣ ያንኑ ጥያቄ በኦሮምኛ ደግሞ። አባቴ ከእህቱ ጋር የሚያወራው በኦሮምኛ፣ ከእናቴና ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው። ከእኔ ጋር ቋንቋ የሚቀይረው ሲደነግጥ ብቻ ነው።

ማንም እንዳልነገረኝ፣ ልብ ወለድ እንደሆነ፣ የተማሪዬን ጥያቄም ጨምሬ አስረዳሁት። «ልብ ወለድ» አለ ቀስ ብሎ፣ የተጠረጠረ ማኅተም እያገላበጠ እንደሚያይ ሰው። ደብተሩን መለሰልኝ። ማታ እራት ላይ ስለ ሌላ ነገር ሁሉ አወራ።

እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችንን በጥርጣሬ ማየት ጀመርኩ። ሰው ተረት አንብቦ «ከየት አመጣሽው?» ይል ይሆናል እንጂ «ማን ነገረሽ?» አይልም። የሚነገር ነገር አለ ማለት ነው።

ፍርሃቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ዓመት ከትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህር ጋር ተግባብተን ነበር። ቶሎ የማልናገር ሰው ነኝ፤ ብዙ ሰው ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ይጨርስልኛል። እሱ ግን ይጠብቀኝ ነበር። ማሽላው ሲገባ ሽማግሌ እልካለሁ አለኝ። ላገባው እፈልግ ነበር። ለማንም ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም እንጂ እንደዚያ የፈለግሁት ሌላ ነገር አልነበረኝም። በሃይማኖታችን በእስልምና የአጎት ልጅ ማግባት አልተከለከለም። የእኛ ሽማግሌዎች ግን የአባቶቻቸውን ልማድ አይተዉም፤ ከሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ሳይቆጠር እሺ አይባልም። ስም ከስም ከተገናኘ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

እናቴ ስትሰማ ደስ አላት። አባቴ የመምህሩን አያት ስም ጠየቀኝ። ስነግረው «አይቸኩሉ» አለና ወደ ጓሮ ወጣ።

ያኔ ትንንሽ ነገሮች እየመጡ ፊቴ ይደረደሩ ጀመር። አባቴ በሰፈሩ የተከበረ ነው። ማመልከቻ ማጻፍ የፈለገ ሁሉ ወደ እኛ ቤት ይመጣል፤ የተጣላ ባልና ሚስት እንኳ የፍርድ ቤት ወረቀታቸውን ይዘው መጥተው ያማክሩታል። ነገር ግን በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ለጋብቻ ሽማግሌ ሆኖ ሲላክ አላየሁም። ሠርግ ላይ ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ነፋስ ስለሚወድ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ልጅ ሳለሁ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፀጉሬን እስኪያመኝ አጥብቃ ትጎነጉነኝ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ስጫወት ካየችኝም «ግቢ፣ ትጠቁሪያለሽ» ትለኛለች። የጎረቤት ልጆችን እናቶቻቸው እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከገባ ጉንጉንም ይመሰክራል፣ ነፋስም ይመሰክራል።

አባቴን መጠየቅ አልቻልኩም። እሑድ ጠብቄ ሰንበቴ ከተማ፣ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሰንበቴ በገበያ ቀን ከከብት ተራው ዳር ገመድ ትሸጣለች፤ ከአፋር በኩል ግመል ነድተው የሚመጡትም፣ ከደጋ በሬ ይዘው የሚወርዱትም ደንበኞቿ ናቸው። ቃጫ እየገመደች አገኘኋት። ሰላምታውን ሳንጨርስ መቀለድ ጀመረች። ተማሪዎቼ ትምህርቱን የሚሰሙት ጆሯቸውን አፌ ላይ ለጥፈው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አጠገቧ የተቀመጠችው ቅቤ ሻጭ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አክስቴም አየችኝ።

ደብተሩ ውስጥ የጻፍኩትንና አባቴ የጠየቀኝን ነገርኳት። አንድ ደንበኛ መጣ፤ ገመዱን በሁለት እጁ ወጥሮ ሞከረ፤ ተከራከሩ፤ ገዝቶ ሄደ። ከዚያ ያጨኝ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የአያቱን ስም ስነግራት የምትገምደው ቃጫ እጇ ላይ ቆመ።

የቀረውን የነገረችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀለች ነው። በድሮው ዘመን ነጋዴዎች ሰው እየነዱ በዚህ ያልፉ ነበር፤ መንገዱ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ቆላውን ይዞ ወደ ባሕር ነው። ከሚነዱት መካከል ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ነበረች። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። ልጁ ታመመ። ቆላውን አይሻገርም፣ እናቲቱንም ያዘገያል ብለው እዚሁ ሸጧት። የገዛት የጨፋ ሸለቆ ባለ ብዙ መሬት ነበር። ልጁ ዳነና በዚያ ቤት አደገ። የሚጠራበት አባት ስላልነበረው በገዢው ስም ተጠራ። ያ ልጅ የአባቴ አያት ነው። ገዢው ደግሞ የመምህሩ ቅድመ አያት አባት ነው።

ስለዚህ አባቴ ሲቆጥር መጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎ አባቱን፣ ሦስተኛ አያቱን ይጠራል። አራተኛው ላይ ግን የሚጠራው የሌላ ሰው አባት ነው።

«አባትሽ አራተኛውን ከጠራ ዘመድ ናችሁ፤ አትጋቡም» አለች አክስቴ። «ሦስተኛው ላይ ካቆመ ደግሞ ለምን አቆምክ ይሉታል። ኢንተለ ኮ፣ በሁለቱም በኩል ገመድ ነው።»

ልጄ ማለቷ ነበር። የሴትየዋን ስም ጠየቅኋት። ግራ ቀኝ አየችና ነገረችኝ። ከዚያ ቅቤ ሻጯ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ እንድቀመጥ መከረችኝ።

ወደ ከሚሴ ስመለስ በመስኮት የጨፋን ሸለቆ እያየሁ መጣሁ። ማሽላው ቀልቷል። ያን ሜዳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የትኛው ማሳ የእነማን እንደነበር ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ያን ነገር ሳላውቀው እንዴት ጻፍኩት? ምናልባት ልጅ ሳለሁ አዋቂዎች ሲያወሩ ከበር ኋላ የሰማሁት ነገር ይኖር ይሆናል። ወይም ሰው ያልተነገረውን ነገር በወሬ መካከል ከሚዘለሉት ቦታዎች ይለየዋል፤ ልክ በጨለማ ግድግዳ እየዳሰሰ በሩን እንደሚያገኝ።

ማሽላው ገባ። ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እንደሚመጡ ተነገረን። በእነዚያ ቀናት አባቴን ብዙ ጊዜ ልጠይቀው ፈልጌ፣ አጠገቡ ቆሜ፣ መነጽሩን አጽድቼለት ተመልሻለሁ። ማወቄን እንደሚያውቅ እጠረጥር ነበር። እሱም እኔ መጠርጠሬን ይጠረጥር ነበር። ሁለታችንም በጣም ጨዋ ሆንን።

አራት ሆነው መጡ። ዋናው ሽማግሌ የመምህሩ የአባቱ ወንድም ነበሩ፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። እኔና እናቴ ጓዳ ነበርን፤ በመጋረጃው ስንጥቅ የሽማግሌውን ቀኝ እጅና የአባቴን ግማሽ ፊት አያለሁ። ብርዝ ቀረበላቸው፤ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው ተወራ፤ ጉዳዩም ተነሳ። ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በአላህ ስም ቆጠራው ይጀመር አሉና አባቴን ጋበዙት።

አባቴ የራሱን ስም ጠራ። ሽማግሌው አንድ ጣት አጠፉ። አባቱን ጠራ፤ ሁለት። አያቱን ጠራ፤ ሦስት። ከዚያ አባቴ ቆም አለ። ምናልባት አንድ ትንፋሽ የሚያህል ነው የቆመው፤ ለእኔ ግን ሰባቱም ትውልድ ያለፈው በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ላይ የሚያበቃ መስሎኝ የመጋረጃውን ጫፍ ያዝኩ።

አባቴ ገና አፉን ሳይከፍት የሽማግሌው አራተኛ ጣት ታጠፈች።

ከዚያ በኋላ ነው አባቴ አራተኛውን ስም የጠራው። ስሙ ሳያልቅ ሽማግሌው «አልሀምዱሊላህ» አሉ። «ይኸማ የኛው አባት ነው። ለካ ወንድማማች ኖረናል።»

ሌሎቹም ተነሱ። አባቴን ትከሻውን እየሳሙ አቀፉት። እንዲህ ተቀራርበን ሳንተዋወቅ መኖራችን ነውር ነው፣ ከእንግዲህ ግን በለቅሶም በደስታም አንለያይም ተባለ። ልጆቹ እህትና ወንድም ስለሆኑ ነገሩ አላህ ስላላለው ቀርቷል ተባለ። ዱዓ አደረጉ። እንደ ዘመድ አብዝተው በሉ። ሲወጡ ሽማግሌው እኔ ወዳለሁበት ጠጋ ብለው ባረኩኝ።

«አላህ የተሻለውን ይስጥሽ፣ ልጄ።»

እናቴ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አድርጋ «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፤ አብሽሪ» አለችኝ። እሷ ታውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። አባቴ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ይመልስ ነበር፤ የሰው ቤት ያበላሸ ይመስል በጥንቃቄ።

ሁለት ቀን ያችን ጣት ሳስብ ሰነበትኩ። ሰው ገና ያልተጠራለትን ስም አስቀድሞ እንዴት ይቆጥራል? ዘመድ ከሆንን አያቴ ሲሞት የት ነበሩ? ሰደቃችንና ሠርጋችን ሁሉ ያለ እነሱ ነው ያለፈው። አንድ ሀሳብ ደግሞ እየመጣ ይመለስብኝ ነበር፤ ልቀበለው አልፈለግሁም። ሽማግሌው ሊቆጥሩ አልመጡም። ጋብቻውን ለማስቀረት ነው የመጡት፤ ቆጠራው ማንም የማይሰደብበት መንገድ ሆኖላቸዋል። የእሳቸውን ግን ልረዳ እችላለሁ፤ ሽማግሌ ናቸው። መልስ የፈለግሁት ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሰኞ ከክፍል በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሚዛኖቹን ስሰበስብ መምህሩ መጣ። ፊቱ አዝኗል። ምን ይደረግ፣ እንደ ወንድምሽ ቁጠሪኝ አለኝ። ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ዘመድ አይደለንም» አልኩት። «የእናንተ አባት ልጅ ያዘለች ሴት ገዛ። እኛ የዚያች ሴት ነን። ከአንተ ጋር የሚያገናኘኝ ደም የለም። የማታገባኝ ከሆነ በዚህ ምክንያት ነው፤ በሌላ አይደለም።»

በሕይወቴ ሳልቋረጥ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ይህ ነው። እሱ መጀመሪያ ያየው በሩን ነው፤ መዘጋቱን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ነገረሽ?»

እንዲህ ነው ያለው። አልተገረመም፤ እውነት ነው ወይ ብሎም አልጠየቀኝም። አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር፣ አጎቱ እንደነገሩት፣ ይህን መንገድም አብረው እንደመከሩበት ያወቅሁት በዚህች ጥያቄ ነው። ቀጥሎ እሱ ራሱ ነገረኝ። ለእኔ ክብር ብለው እንዳደረጉት፣ ስማችን በየሰው አፍ እንዳይነሳ እንደፈለጉ ነገረኝ።

«እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ…» አለ።

እሱ ይጠብቀኝ እንደነበረው ጠበቅሁት። አልጨረሰውም። ሚዛኖቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩና ወጣሁ።

ለአባቴ በዚያው ቀን ነገርኩት። በረንዳው ላይ ነበርን፤ የምሥር ፍሬ ከጠጠር እየለየ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚወደው ሥራ ነው። ማወቄን፣ ከማን እንደሰማሁ፣ ስለ ሽማግሌው ጣትና ስለ መምህሩ ጥያቄ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁ አይመስለውም ነበር። አራተኛውን የጠራው፣ የፈለግሁት ሰው ቢቀርብኝም ስሜ ይተርፍልኛል ብሎ ነው። ያቀፉት ጊዜ ግን የአንደኛው ክንድ በጣም ስለጠበቀበት ተጠራጥሮ ነበር።

«ደብተርሽን አምጪው» አለኝ።

አመጣሁለት። እስኪጨልም ያዘው። ሲመልስልኝ በመዝገብ ቤት እጅ ጽሕፈቱ፣ በጥቃቅን ፊደል አንድ ቦታ ብቻ አርሞ ነበር። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ የጌቶቿን አባቶች ስትቆጥር «ጠባቂው ጮኸባት» ያልኩትን ሰርዞ፣ ከጎኑ እንዲህ ጽፏል፦ «አይጮኽም። ያቅፋታል፤ ዘመዴ ነሽ ይላታል። ከዚያ በሩን ይዘጋል።»

በማግስቱ ገጹን እንደገና ጻፍኩት። ጠባቂው አሁን አይጮኽም። ልጅቷም የጌቶቿን አባቶች አትቆጥርም። ራሷን፣ አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን ትጠራና ትቆማለች። ከዚያ ልጅ አዝላ ወደ መንኮራኩሩ የገባችውን ሴት በስሟ ትጠራለች። ስሙ ደብተሩ ውስጥ አለ፤ እዚህ አልጽፈውም። ጠባቂው ሊያቅፋት እጁን እንደዘረጋ ይቀራል። በሩ ይከፈት አይከፈት ገና አላወቅሁም።

አባቴ ያን ገጽ አነበበው። እስክሪብቶው እጁ ላይ ነበር፤ ምንም አላረመም።